ባቡሩ የማይቆምባቸው ከተሞች፦ ከሚኤሶ እስከ ኤረር ምን ሆነ?

ስለ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። አንዱ «የድሮዎቹን የባቡር ከተሞች የገደላቸው ይሄ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው» ይላል። ሌላው «ታገሱ፣ ሐዲዱ በአጠገባቸው አልፏል፣ መልሶ ያነሳቸዋል» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ አካባቢ ነው፤ ከሚኤሶ ተነስቶ «ሙሉ» በምትባለው ከተማ፣ በአፍደም፣ በጎታ፣ በኤረርና በሁርሶ አድርጎ ድሬዳዋ ስለሚገባው የቆላ መስመር።

ሁለቱም መልሶች ግን አያጠግቡም። ከተሞቹ የተዳከሙት አዲሱ ባቡር ሥራ ከመጀመሩ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ እሱ ሊሆን አይችልም። ያነሳቸዋል የሚለውም ያጠራጥራል። እነዚህ ከተሞች ድሮ የኖሩት ባቡር ስለሚቆምባቸው ነበር፤ አጠገባቸው ማለፉ ብቻውን ምንም አላመጣላቸውም። ማለፍና መቆም ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የሙት ከተማ» ስንል

ፈረንጆቹ «ጎስት ታውን» የሚሉት ነዋሪው ለቆት ሄዶ ቤቱና መንገዱ ብቻ የቀረ ከተማ ነው። በአማርኛ «የሙት ከተማ» ብንለው ያስኬዳል። ቃሉ ግን በልክ ካልተያዘ ያሳስታል።

ትክክለኛው የሙት ከተማ ምን እንደሚመስል ለማየት አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን ተርመንድን መውሰድ ይቻላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዙሪያዋ ካሉት የድንጋይ ከሰል ማዕድናት የሚወጣው ጭነት ሁሉ እሷ ዘንድ ይሰበሰብ ነበር፤ ሆቴልና ባንክ ነበራት፣ ለሎኮሞቲቮች የሚሆን ትልቅ የጥገና ቤትም ነበራት። (ሎኮሞቲቭ ማለት ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ ነው።) በ1930 ትልቁ ሆቴል ተቃጠለ፣ ብዙም ሳይቆይ ባንኩ ተዘጋ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የእንፋሎት ባቡሮች በናፍጣ ሲተኩ ዋናው ሥራዋ አበቃ። በ2020 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪ 5 ሰው ብቻ ነው። ጣቢያው ዛሬ የብሔራዊ ፓርክ የጎብኚዎች ማዕከል ሆኖ ተጠብቋል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከኒውዮርክ ተነስቶ በዚያ አድርጎ ወደ ቺካጎ የሚሄደው ካርዲናል የሚባለው ባቡር በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል። የሚቆመው ግን ተሳፋሪ ካለ ብቻ ነው።

አፍደምና ኤረር እንዲህ አይደሉም። ሰው አለባቸው። ሁለቱም በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የወረዳ ማዕከላት ናቸው፤ ገበያ አላቸው፣ ትምህርት ቤት አላቸው። የሞተው የባቡር ከተማነታቸው ነው። የድንጋዩ ጣቢያ፣ የሠራተኞቹ መኖሪያ፣ ባቡር ሲመጣ የሚሞላው መድረክ፣ ያ ሁሉ ሥራ ፈቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን ባዶ ቀሩ?» ከሚሆን «ያቆማቸው ሥራ የት ሄደ?» ቢሆን ይሻላል።

ከባቡሩ በፊት የነበረችው ጀልዴሳ

ብዙ ሰው ታሪኩን ከባቡሩ ይጀምራል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብንሄድ ግን ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል።

ሐረር ለዘመናት የንግድ ከተማ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱ በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ወደብ ይወርዳል፣ ጨርቁና ዕቃው ከዚያ ይወጣል። ከሐረር ደጋ ወርዶ በረሃው ሲጀምር ጀልዴሳ አለች። የደጋው አጋሰስ እዚያ ጭነቱን ያራግፋል፣ የቆላው ግመል ይረከባል። ጉምሩኩም እዚያ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ጀልዴሳ ሳያድር አያልፍም፤ ከተማዋም የምትኖረው በዚያች አዳር ነበር።

በመጋቢት 1894 አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ኮንሴሽን ሰጡ። ኮንሴሽን ማለት መንግሥት አንድን ሥራ እንዲገነባና በሥራው ገቢ እንዲጠቀም ለተወሰነ ዘመን ለኩባንያ የሚሰጠው መብት ነው። ይሄኛው ለ99 ዓመት ነበር። ዕቅዱም ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ መዘርጋት ነበር። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ።

ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። ባቡር አቀበት አይወድም፣ ገንዘብም ይፈጃል። ስለዚህ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመና አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ የጸናው ስም ድሬዳዋ ሆነ።

ጀልዴሳስ? ጭነት ከግመል ወደ አጋሰስ የሚዛወርበት ቦታ መሆኗ ቀረ። ጉምሩኩም ነጋዴውም ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። የዘይላ ወደብ ንግድም በጅቡቲ ተዋጠ። እንግዲህ ይህ የባቡር መስመር ገና ሲጀመር አንድ ከተማ ወልዶ ሌላ ከተማ ቀብሯል ማለት ነው። በኋላ አፍደም ላይ የደረሰው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ጀልዴሳ ላይ ቀድሞ ደርሷል።

ውሃ የሚጠማው ባቡር

ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት። ኢንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም በመስመሩ ላይ ሲሻኮቱ ቆዩ። በ1908 አዲስ ኮንሴሽን ተሰጥቶ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ፤ ሐዲዱ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉ ጅቡቲ ውስጥ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሳ። በዚያ ሰው እንደ ልብ በማይገኝበት ቆላ ውስጥ ያን ያህል ጣቢያ ለምን አስፈለገ?

መልሱ ውሃ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚሄደው ውሃ አፍልቶ ነው፤ ያለ ውሃ ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ቆሞ መቅዳት አለበት። ከዚህ ሌላ መስመሩ ነጠላ ነበር፤ ከላይ የሚመጣና ከታች የሚመጣ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ እስኪደርስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ሐዲዱም በጎርፍ ይበላሻል፣ ጠጋኝ ያስፈልገዋል፣ ጠጋኙ ደግሞ በቅርብ ቤት ይፈልጋል። ውሃ፣ መተላለፍና ጥገና ተደምረው ጣቢያ አስገኙ። ከጣቢያው ጎን ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ከሻይ ቤቱ ጎን ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ መንደር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚህ ከተሞች የተወለዱት ከባቡሩ ድካም ነው። ባቡሩ ቀርፋፋ ነበር፣ ይጠማው ነበር፣ ይበላሽ ነበር። በቆመ ቁጥር መንገደኛው ይርበዋል፤ ወተት የያዘች ሴት ወደ መስኮቱ ትመጣለች፣ ፍራፍሬ የያዘ ልጅ ይሮጣል። አርብቶ አደሩ ፍየሉን አምጥቶ ሸጦ ጨርቅና ስኳር ገዝቶ ይመለሳል። ውሃ በሌለባቸው ጣቢያዎች ደግሞ ባቡሩ ራሱ በታንከር ፉርጎ ውሃ ያደርስ ስለነበር፣ ከነዋሪው አልፎ በዙሪያው ያለው አርብቶ አደርም ጥማቱን ይቆርጥ ነበር።

ኮንትሮባንዱንም መተው አይቻልም። ከጅቡቲ በደወሌ፣ በአይሻና በአዲጋላ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚገባው ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነበር፤ ሥራውንም በብዛት የያዙት ሴቶች ነበሩ። መንግሥት የሚያየው እንደ ቀረጥ ማጭበርበር ነው፤ ሕጉም እንደዚያ ይላል። ነዋሪው ግን «ንግድ» ነው የሚለው። የከተሞቹን ኢኮኖሚ ለመረዳት ሁለቱንም ማወቅ ግድ ነው፤ በሰነድ የሚታየው የባቡር ገቢ ብቻውን ከተማዎቹ በምን ይኖሩ እንደነበር አይነግርምና።

ናፍጣ፣ አስፋልትና አሰብ

የመጀመሪያው ምት የመጣው በ1950ዎቹ ነው፤ ምት መሆኑን ግን ያኔ ማንም አላስተዋለም። በእንፋሎቱ ፋንታ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ገባ። ለባቡር ድርጅቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጉዞው አጠረ፣ ወጪው ቀነሰ። ለትንንሾቹ ጣቢያዎች ግን የመቆሚያ ምክንያታቸው አንዱ ሄደ፤ ናፍጣ እንደ እንፋሎት በየጣቢያው ውሃ አይቀዳም። መተላለፉና ጥገናው ስለቀሩ ከተሞቹ ወዲያው አልወደቁም። እግራቸው ግን ሳሳ።

ሁለተኛው ምት መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከፈረንሳዮች ሐዲድና ከጅቡቲ ወደብ ጥገኝነት ለመላቀቅ ብለው ከአሰብ ወደ ደሴ የሚወጣ የመኪና መንገድ ሠርተው ነበር። ከነጻነት በኋላ አሰብ ወደብ እየተስፋፋ ሄደ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለበት። አዋሽን ተከትሎ በሚሌ በኩል የሚወርደው አስፋልት ሲከፈት ደግሞ የአገሪቱ ጭነት ትልቁ ድርሻ ወደ አሰብ ዞረ። ባቡሩ ከዚያ በኋላ ብቸኛ አልነበረም።

እዚህ ላይ ካርታ ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው። ከሚኤሶ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው ዋናው የመኪና መንገድ ሐዲዱን አይከተልም። ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል፤ በጭሮ፣ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሐዲዱ ደግሞ ሜዳውን ይዞ በቆላው ይሄዳል። ስለዚህ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታና ኤረር ከአስፋልቱ ተነጥለው ቀሩ። ባቡር የሚወደው መሬትና መኪና የሚፈልገው ሕዝብ የተለያየ ቦታ ነበሩ። ደጋው ላይ ገበሬ አለ፣ ቡና አለ፣ ጫት አለ፤ አውቶቡስ የሚሞላው እዚያ ነው። ለእኔ በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ወሳኙ ነገር ይሄ ነው፤ ከጦርነቱም ከአስተዳደር ድክመቱም ይበልጣል።

ቀስ ብሎ የመጣው ሞት

ከዚያ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል፤ ባጭሩ ልለፈው። በ1977ቱ የሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቆረጠ፣ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ወጥቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት ሁሉ የከፋው አደጋ ይባላል። ሐዲዱ አርጅቶ ነበር፣ መለዋወጫ አይገኝም፣ ድርጅቱ የሁለት መንግሥታት ንብረት ስለነበር እያንዳንዱ ውሳኔ በሁለት ዋና ከተማ ነው የሚያልፈው።

በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ አሰብ ተዘጋ። ያለቀለት ይመስል የነበረው ሐዲድ ያኔ መነሳት ነበረበት፤ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞሯልና። ግን ያን ሸክም የሚችል ባቡር አልነበረም። ጭነቱን ከባድ መኪናው ወሰደው፤ ያውም በድሬዳዋ በኩል ሳይሆን በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ወደ አዋሽ በሚመጣው መንገድ። ትልቁ ዕድል ሲመጣ ሐዲዱ አልጋ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ መስመሩን ለግል ኩባንያ ለመስጠት የተደረገው ድርድር አልተሳካም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም ሊታደገው አልቻለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት በ2008 አካባቢ ቆመ። ከድሬዳዋ በታች ያለው ትንሽ ቆይቶ፣ ቆሞ፣ በ2013 ለአጭር ጊዜ ተቀጥሎ፣ ከዚያም አበቃ። አዲሱ ባቡር የንግድ አገልግሎት የጀመረው በጥር 2018 ነው። በመካከሉ አሥር ዓመት ገደማ አለ። «አዲሱ ነው የገደላቸው» የሚለው አባባል የሚሰናከለው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ለምን አንዳንዶቹ ተረፉ?

ሁሉም የባቡር ከተማ አልወደቀም። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ሐዲዱ ያሳደጋቸው ናቸው። ባቡሩ ቆሞም ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በእጥፍ አድገዋል።

ልዩነቱን ለማየት እያንዳንዱ ከተማ ከባቡሩ ሌላ ምን እንደነበረው መጠየቅ ይበቃል። መተሐራ የስኳር ፋብሪካ አላት። ሞጆ የመንገድ መጋጠሚያ ናት፤ በኋላም ደረቅ ወደብ ተሠራላት። ደረቅ ወደብ ማለት ኮንቴይነር ከባሕር ወደብ ሳይፈታ መጥቶ የጉምሩክ ሥራው መሀል አገር የሚያልቅበት ቦታ ነው። አዋሽ ላይ የጅቡቲ መንገድና የድሬዳዋ መንገድ ይለያያሉ፤ የፈረንሳዮቹ አሮጌ የቡፌ ሆቴልም የታሪክ ቅርስ ሆኖ ይነሳል። ሁርሶ የጦር ማሠልጠኛ ስላላት ስሟ አልጠፋም። ድሬዳዋ ደግሞ ባቡሩ በቆየባት ጊዜ ውስጥ ፋብሪካ፣ ገበያ፣ አየር ማረፊያና የራሷን አስተዳደር አፍርታለች፤ ሠፈሮቿ፣ ከዚራ ከነዛፎቹ፣ መጋላ ከነገበያው፣ ዛሬም አሉ።

አፍደም፣ ሙሉ፣ ጎታ ግን አንድ እግር ብቻ ነበራቸው። ኤረር በመጠኑ ትለያለች፤ ፍል ውሃ አላት፣ የፍራፍሬ እርሻም ይታወቅባታል። ፍራፍሬ ግን ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ቶሎ የሚያደርሰው ከሌለ ያለው ሀብት ራሱ ኪሳራ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በአስተዳደር ድክመትና በሙስና ላይ ያደርጋሉ። ድክመት መኖሩ አይካድም። ግን ድርጅቱ በደንብ ቢመራ ኖሮ ከሁሉ የሚጠቀሙት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነበሩ። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ባቡሩ በተሻሻለ ቁጥር መቆሚያ ማጣታቸው አይቀርም ነበር። ይሄን መቀበል ይከብዳል፤ ግን ተርመንድም የወደቀችው በዚህ መንገድ ነው። የአሜሪካ ባቡር አልሞተባትም። ከበፊቱ በተሻለ ሁኔታ እየሄደ አልፏታል።

አዲሱ ሐዲድ ለምን አይቆምም?

አዲሱ መስመር ከድሮው በሁሉ ነገር ይለያል። የድሮው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ያሁኑ 1.435 ሜትር ነው፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የሠሩት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ። ጥቅምት 2016 ተመረቀ። ለስድስት ዓመት በቻይናዎቹ ሲመራ ቆይቶ በግንቦት 2024 አስተዳደሩ ለኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ።

ካርታው ላይ ካያችሁ ሙሉም፣ አፍደምም፣ ኤረርም ስማቸው አለ። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው «ጣቢያ» ሲባል ተሳፋሪ የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታ ይመስለዋል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ጥንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ነጠላ ነው። ነጠላ መስመር ላይ የግድ መተላለፊያ ያስፈልጋል። መካከል ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጣቢያዎች ዋና ሥራቸው ይሄ ነው፤ አንዱ ባቡር ዳር ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። መተላለፉ እንደ ድሮው አለ። ድሮ ባቡሩ ሲጠብቅ ግን መንገደኛው ወርዶ ይበላ ነበር። አሁን ዳር ይዞ የሚጠብቀው በአብዛኛው ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነር ደግሞ አይርበውም።

ጣቢያዎቹ ከከተማ መራቃቸውም አለ። የድሬዳዋው አዲሱ ጣቢያ ከከተማው መሀል በኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ የአዲስ አበባው ፉሪ-ለቡ እንኳን ከተማው ጫፍ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ምክንያት አላቸው፤ ቀጥ ያለ መሬት ይፈልጋሉ፣ የካሳ ክፍያ ይቀንሳሉ። ውጤቱ ግን ጣቢያና ከተማ ተለያዩ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ዕዳው አለ። የመስመሩ ብድር በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ በ2018 መንግሥት ከቻይና ጋር ተነጋግሮ የመክፈያ ዘመኑን ከ10 ወደ 30 ዓመት አስረዝሟል። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ድርጅት ከጅቡቲ ወደ ሞጆና አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለው የእንዶዴ ጣቢያ ኮንቴይነር ማመላለስን ቢያስቀድም አይገርምም። አፍደም ላይ ሦስት ነጋዴና አሥር ፍየል ለመጫን መቆም በሒሳብ መዝገቡ ላይ ኪሳራ ሆኖ ነው የሚታየው።

አርብቶ አደሩ በበኩሉ ከአዲሱ ባቡር ጋር ያለው ትውውቅ የተለየ ነው። የድሮው ቀርፋፋ ነበር፤ ግመል ሐዲድ ላይ ቢቆም ብዙ ጊዜ ይደርስለታል። የአሁኑ አይደርስለትም። በባቡር የተገጨ ከብትና ግመል ካሳ የመስመሩ የዘወትር ጉዳይ ሆኗል። ከዚህ በፊት ውሃና ገበያ ያመጣለት የነበረ ባቡር አሁን በዋናነት የሚታወቀው ከብት በመግጨት ከሆነ ቂሙ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አያስቸግርም።

ምን ይደረግ? የሚባለውና የሚያዋጣው

አንደኛው ሐሳብ ቅርስና ቱሪዝም ነው። የድሮውን ሐዲድ በከፊል ጠግኖ ለጎብኚ ማስኬድ፣ ጣቢያዎቹን ሙዚየም ማድረግ። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ያስኬዳል ብዬ አምናለሁ፤ የድሮ ሎኮሞቲቮችና የጥገና ማሽኖች እዚያ አሉ፣ ከተማዋም እንግዳ ማስተናገድ ታውቃለች። አፍደም ላይ ግን ጎብኚ የሚያድርበት የለም፣ ሐዲዱም በብዙ ቦታ ተነቅሏል ወይም ተሰርቋል። አዲስ አበባ ያለው የለገሃር ጣቢያ፣ በ1929 የተመረቀው፣ ዙሪያው በትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ተይዞ ሕንጻው በቅርስነት ይጠበቃል ተብሏል። ለገሃርን የሚያድነው የመሬቱ ዋጋ ነው። አፍደም ያ የላትም።

ሁለተኛው ሐሳብ «ተዉት፣ ገበያ ይወስናል» የሚል ነው። መንገድ ወዳለበት ሰው ይሄዳል፣ ከተማ ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ጀልዴሳም እንዲሁ ነበረች። ይሄ አባባል እውነት አለው፤ ግን ያጎድላል። ጀልዴሳ ስትወድቅ ነጋዴው የሚሄድባት ድሬዳዋ ተፈጥራ ነበር። አፍደም ስትደክም በአካባቢው የተፈጠረ ምትክ የለም፤ ያለው ስደት ነው። ወጣቱ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር የሚያስበው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው፣ እኔን የሚያሳምነኝ፣ አዲሱን መስመር በጥቂት ቦታ በትክክል እንዲቆም ማድረግ ነው። በሁሉም ቦታ አይደለም። ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ ባለው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ተመርጦ በሳምንት በታወቀ ቀን ሰውም ጭነትም የሚይዝ ቅይጥ ባቡር ቢቆም፣ በዚያው ቀን የከብት ገበያ ይተከላል። የዚህ ቆላ ሀብት የቁም እንስሳ ነው፤ ገበያው ደግሞ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው፣ መውጫው ጅቡቲና በርበራ። ግመልና ፍየል በእግርና በመኪና ቀናት ከሚጓዝ በባቡር በሰዓታት ቢደርስ የሚቀንሰው ክብደትም የሚሞተውም ያንሳል። ለድርጅቱም ጥቅም አለው፤ ከጅቡቲ ተጭኖ የሚመጣው ከሚሄደው በብዙ ስለሚበልጥ ባዶ የሚመለስ ፉርጎ ብዙ ነው።

ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ከብት መጫን ማቆያ ግቢ፣ ውሃ፣ የእንስሳት ሐኪምና ልዩ ፉርጎ ይጠይቃል። ጸጥታውም አለ፤ በክልልና በጎሳ ወሰን ግጭት ሚኤሶ አካባቢ ብዙ ሰው ተጎድቷል፣ ገበያ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። ማን ይክፈል የሚለውም አልተመለሰም። ድርጅቱ ብቻውን ይሸከመው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የመንደር ውሃና ገበያ የባቡር ኩባንያ ዕዳ ሳይሆን የክልልና የፌደራል መንግሥት ሥራ ነው።

ተራው የማን ነው?

የድሮው ባቡር ሲዳከም ያደጉ ከተሞች አሉ። ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ አዋሽ አርባ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተደረደሩት ሁሉ። ከሐዲድ ላይ የወረደው ጭነት ተሳቢ ላይ ተጭኗል፤ የተሳቢ ሹፌር ደግሞ እንደ ድሮው የእንፋሎት ባቡር ነው፣ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ያድራል። ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የጫት መሸጫው የቆሙት በዚያ ድካም ላይ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ያሉ የንግድ መንደሮች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ለማወቅ የአፋርና የኢሳ ውዝግብ በእነሱ ዙሪያ ስንት ጊዜ እንደተቀጣጠለ ማየት በቂ ነው።

የኤሌክትሪኩ ባቡር ዓላማ ይህን ጭነት ከመኪና ላይ ማንሳት ነው። ከተሳካለት ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነዳጅ ይቆጠባል፣ የመንገድ አደጋ ይቀንሳል፣ ወጪው ይወርዳል። ግን ወደ ሞጆ የሚያልፍ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ሚሌ ላይ የማያድር አንድ ሹፌር ነው። ሰመራ የክልል ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲና ቢሮ አላት፣ ትቋቋመዋለች። ሎጊያ ከሰመራ ጎን ስለሆነች ከእሷ ጋር ልትያያዝ ትችላለች። ሚሌ መንገድ መጋጠሚያ ናት፤ ይሄ ይረዳታል። ከእነሱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ስማቸው ብዙም የማይነሳ የሻይና የጎሚስታ መንደሮች ግን ከተሳቢ ሹፌሩ ሌላ ምንም የላቸውም።